ወደ ደብረ ሲና የተላኩ ሽማግሌዎች

ወጣቱ መምህር እጮኛውን ከአባቷ እንዲጠይቁለት ሽማግሌዎች ወደ ደብረ ሲና ላከ፤ ሲመለሱም ደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው።

«ሰጡን!» አሉ አጎቱ ጋሽ ወንድይፍራው ከመኪናው እየወረዱ። «እንደነገርከን ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎን ያለውን ቤት አንኳኳን። ‹ልጅዎን ለልጃችን› ብለን ሳንጨርስ እሺ አሉ። ቀጠሮ የለ፣ ዘመድ ላማክር የለ!»

መምህሩን ገረመው፤ የልጅቱን አባት ክፉኛ ይፈራቸው ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ እጮኛው ናት። «አባዬ ከትናንት ጀምሮ ሽማግሌ ሲጠብቅ ውሎ አድሮ ተቆጥቷል። የት ቀሩ?»

ስልኩን በእጁ ሸፈነ። «ጋሼ፣ የሄዳችሁት የሸዋው ደብረ ሲና አይደለም እንዴ?»

«የወሎው ነው እንጂ! ሌላም ደብረ ሲና አለ?»

የመኪናው የኋላ በር ተከፈተ። አንድ የማያውቃቸው አዛውንት ሙክት እየጎተቱ ወረዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«የታል አማቼ?»