የሁለት ኪሎ ብረት

ሴትዮዋ የሟች ባሏን ሽጉጥ በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልላ አምጥታ በሽማግሌው ጠመንጃ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሽጉጡ የድሮውን አስመስለው እዚያው በጠመንጃ ሠሪዎቹ ከተማ በጋርዶኔ የሠሩት፣ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ፣ ገና አዲስ ነበር።

«ሲኞር ባቲስታ፣ ምላጩን ይዩልኝ» አለችው። «ፖሊሶቹ ሲወለውለው ባረቀበት ብለው ጽፈዋል። ሰፈሩ ግን ሆን ብሎ ነው ራሱን የገደለው እያለ ያወራል፣ ልጆቼም ይሰማሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሲነኩት የሚባርቅ ነው?»

ሽማግሌው ባዶ መሆኑን አይቶ የሽጉጡን መዶሻ ወደ ኋላ ሳበ፤ አፈሙዙን ሽቅብ አቁሞም ምላጩ ላይ የሁለት ኪሎ ብረት በሽቦ አንጠለጠለ። ሴትዮዋ ድምፁን ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጆሮዋንም ያዘች። ብረቱ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ። መዶሻው አልወደቀም፤ ምላጩ ሲነኩት የሚባርቅ አልነበረም። ባለፈው ወር ሟቹ እዚሁ ቆሞ፣ «ለተኩስ ውድድር ነው፣ ምላጩን ትንሽ አቅልልልኝ» ሲለው፣ «ሂድ ወዲያ፣ ሰው ልታስፈጀኝ ነው?» ብሎ መልሶት ነበር። ሰውየው እየሳቀ ነበር የወጣው። ያ ሳቅ አሁን ከጀርባው የቆመ መሰለውና መዞር ፈራ። ብረቱን ቀስ ብሎ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ምላጩ ቀላል ነው፣ ሲነኩት ይባርቃል» አላት እጇን ከጆሮዋ ስታነሳ። «ለምኖኝ ያቀለልኩለት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» አለች። «እጅዎን ይቁረጠው!» ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ስትወጣ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። «ነገ ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል። እሱም ፈትሾ ለሰፈሩ ይንገርልኝ።»

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌው ሽጉጡን ፈታታው። ሟቹ የለመነውን ሥራ ሊሠራለት ሞረዱን አነሳ።