የዘገየችው ከበሮ መቺ

«እዚህ ጋ ዘገዩ፣ እትዬ» አለ አቀናባሪው ከመስታወቱ ማዶ፣ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ። «አዝማቹ ላይ። ኮምፒውተሩ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ይሄ ሦስተኛ ጊዜዎ ነው።»

ከበሮ መቺዋ ዱላዎቿን ጭኗ ላይ አጋደመች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ስማቸው ሲጠራ ስታዲየም የሚያናውጡ የሮክ ዘፋኞች አልበማቸውን ሲቀርጹ ከኋላቸው የተቀመጠችው እሷ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ለጎረቤቶቿ የቢሮ ሠራተኛ ትመስላቸዋለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ግትር ተብላለች፣ ነገረኛም ተብላለች። ዘገየች ያላት ግን አልነበረም።

እውነቱን የሚያውቁት በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እሷ፣ ባስ ጊታር የሚጫወተው ታናሽ ወንድሟና ዘፋኙ ራሱ። አድናቂዎቹ «ማዕበል» የሚሉት ይህ ዘፋኝ ስድሳ ሰባት ሞልቶታል። ትንፋሹ እንደ ድሮው አይደለም። አዝማቹ ጋ ሲደርስ አየር ለመሳብ ቅንጣት ታህል ጊዜ ትጎድለዋለች፤ እሷም ያቺን ጊዜ ከምቷ ቆንጥራ ትሰጠዋለች። ዱላዋን ትንሽ አየር ላይ ታቆያለች፣ እሱ ይደርሳል፣ አብረው ይወርዳሉ። ሰሚው «አይ ማዕበል፣ ዛሬም ጎረምሳ ነው!» ይላል። እንዲህ ስትሸፍንለት ስድስት ዓመት ሆናት፤ አንድም ቀን ግን አንስተውት አያውቁም።

አዲሱ አቀናባሪ ደግሞ በማዳመጫው ሁሉም ጆሮ ውስጥ ጧ፣ ጧ እያለ ምት የሚለካ ቆጣሪ ከፍቶ፣ ከዚያ ዝንፍ ያለውን ሁሉ ጥፋት ብሎ ይጽፋል።

«ችግር የለውም» አለ በትሕትና። «የዛሬው ይበቃናል። ከበሮውን ነገ ሌላ ሰው ጠርተን እንቀይረዋለን። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው እትዬ፣ ማንም ላይ ይደርሳል።»

ወደ ዘፋኙ ዞረች። ከጥግ ባለችው የመስታወት ክፍሉ ውስጥ መነጽሩን ይጠርጋል። አንድ ቃል ጠበቀች። እሱ መነጽሩን ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና መጥረግ ጀመረ። ከአቀናባሪው ንግግር ይልቅ ያ አንገበገባት።

ወንድሟ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ተይው እታለም። አቀናባሪውም ሳይጠረጥር አይቀርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።»

«ዳውላውስ እስከ መቼ ይደበደባል?»

«ጋሽ ማዕበልን ሰው ፊት ካዋረድሽ ማን ደፍሮ ሥራ ይሰጥሻል?»

«ዝም ብዬስ? ነገ በየስቱዲዮው እጇ ከዳት ነው የሚባለው። እጄ ደግሞ አልከዳኝም!» ድምጿን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም። ዱላዎቿን አነሳችና ወደ መስታወቱ ቀና አለች። «ስማ ጎበዝ፣ ልክ ከቆጣሪው ጋር ነው የምትፈልገው?»

«ልክ ከቆጣሪው ጋር።»

«ፀጉር ታህል ሳልዘገይ?»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት።»

«እንግዲያው እንካ!»

አራት ቆጥራ ገባች። መጀመሪያው ያለ ችግር አለፈ። አዝማቹ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ስድስት ዓመት የለመደ እጇ ሊያቆይ ዳዳው። ጥርሷን ነክሳ በሰዓቱ መታች። ዱላው ከቆጣሪው ጋር እኩል አረፈ፣ የማዕበል ድምፅ ግን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ከኋላ እየሮጠ መጣ። ሁለተኛው ስንኝ ላይም አልደረሰባትም። ሦስተኛው ላይ የቃሉን ግማሽ ዋጠውና ዝም አለ።

አሳዘናት። ቢሆንም አላቆመችም፤ ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ እየተከተላት፣ ዘፋኝ የሌለውን ዘፈን እስከ መጨረሻው የሲምባል ምት ድረስ ቀጥ አድርጋ መታችው።

አቀናባሪው ኮምፒውተሩን አየ፣ ዘፋኙን አየ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር የጠፋበት መሰለ። «እ... ኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«ኮምፒውተሩ ደግሞ ምን አደረገ?» አለችው።

ዘፋኙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «አንቺ ልጅ» አላት፤ ልጅ ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም። «ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«የታዘዝኩትን ነው የመታሁት፣ ጋሼ። ዘገየች ስባል እዚሁ ነበርክ።»

መነጽሩን ሊጠርግ አወለቀና መልሶ አደረገው። ጆሮው ቀላ። «ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ አቀናባሪው ዞረ። «የምዘገየው እኔ ነኝ። እሷ ስትጠብቀኝ ነው የኖረችው። ይሄን ቆጣሪህን አጥፋው።»

አቀናባሪው አጠፋው። ከበሮ መቺዋ አላመሰገነችም፤ የሚያስመሰግን ነገር አልታያትም።

ማዕበል የመስታወት ክፍሉን በር በእግሩ ገፋ። የማይኩን መቆሚያ አንጠልጥሎ፣ ገመዱን እየጎተተ ወጣና ከበሮው ፊት ተከለው።

«ኧረ ጋሼ!» ጮኸ አቀናባሪው። «እዚያ ከዘፈኑማ ከበሮው ማይክዎ ውስጥ ይገባል! አንዴ ከድምፅዎ ጋር ከተቀረጸ እኮ መለየት አይቻልም፤ ነገ ሌላ ሰው አስመትቼ ልቀይረው አልችልም!»

«ይግባ» አለ ማዕበል።

ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ዓይኑን እጇ ላይ አድርጎ ቆመ። እሷ ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ አነሳች፤ አልመታችም። ማዕበል አፉን ከፍቶ ጠበቃት።