የጤና ጣቢያው ደረጃ

ጡረተኛው ሽማግሌ ማክሰኞ ማክሰኞ የጤና ጣቢያውን ደረጃ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግመው ይወጣሉ። የሲስተር ዙፋንን በር የሚያንኳኩት ልባቸው ደረታቸውን መደብደብ ሲጀምር ነው። የደም ግፊታቸው ከፍ ካላለ አትቆጣቸውማ! ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ክንዳቸውን ይዞ የሚቆጣቸው ሰው እሷ ብቻ ናት።

«አሁንም ከፍ ብሏል! ጨው አልቀነሱም ማለት ነው፣ አባባ?»

«ኧረ ሽሮዬ ጨው ካየ ቆየ፣ ልጄ።»

«መጠጥስ?»

«ከማን ጋር ልጠጣ ብለሽ!»

«በሉ እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ይመለሱ።»

ይህችን ቃል ይዘው ነው ሳምንቱን የሚገፉት።

ዛሬ ግን ቢወጡ ቢወርዱ ልባቸው አልደነግጥ አለ። እንደገና ቢሞክሩም ያው ነው። ሰዓቱ ስለደረሰ ገቡ። ሲስተር ዙፋን ለካች፣ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ብድግ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አንድ መቶ ሃያ በሰማኒያ! ምን ተአምር ሠሩ፣ አባባ?»

«ምንም… ደረጃ ብቻ ነው» አሉ ደንግጠው።

«እኮ! እንቅስቃሴ ነዋ! ጨውም ተዉ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ዳኑ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ መመላለስ የለም፤ ከሦስት ወር በኋላ ብቅ ይላሉ። ቀጣይ!»

ኮሪደሩ ላይ የተጠቀለለ እጅጌያቸውን ሳያወርዱ ቆዩ። በመጨረሻ ወደ ጥበቃው ጠጋ አሉ።

«ወንድሜ፣ ስኳር የሚመረመረው የት ነው?»

«ከጎን ያለው ክፍል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነርሷስ… ትቆጣለች?»