የነፋስ ዓይን

«ዘሩን ሳትነግሪኝ ቃል አልቀበልም» አሉ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ከኩበቱ ጭስ የተነሣ የሚያነባ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

አመተሥላሴ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ነገ ጧት ከሞላሌ የሚነሣው መኪና ደብረ ብርሃን ያደርሳታል፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ እንግሊዝኛ ልታስተምር ነው። አያቷ ካልፈቀዱ ግን አትሄድም። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩት አዛውንት ደቀ መዛሙርታቸውን እንደማይምሩ ሁሉ የልጅ ልጃቸውንም አልማሩም፤ «አንድ የእንግሊዝ ቃል ከነዘሩ፣ ከነምንጩ አምጪልኝ፤ ያን ጊዜ ትምህርት ነው እላለሁ» ብለዋት ነበር።

«ቃሉ ‹ዊንዶው› ነው አባባ። መስኮት ማለት ነው።»

«መስኮት ይሁን። ከምን ወጣ?»

«ከሁለት ቃል፤ ከነፋስና ከዓይን። የነፋስ ዓይን እንደ ማለት ነው።»

መሪጌታ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። «ይህን የነገረሽ ያ ጓድ አፈወርቅ ነው?»

«አዎ፣ መምህሬ ናቸው። ከትልቁ መዝገበ ቃላት አሳዩኝ።»

«እንግሊዞች ራሳቸው ያወጡት ነው?»

አመተሥላሴ አዎን ብትል የሚያውቅባት የለም። የተውሶ ነው ብትል ግን አያቷ «የሰው ልብስ የለበሰ ቋንቋ!» ብለው እንደሚዘብቱበት፣ ነገሩም በዚያው እንደሚያበቃ ታውቃለች። እሳቱን የሚያራግቡት ሴት አያቷ፣ እማማ የትምወርቅ፣ እጃቸውን ገትተው አዩዋት።

«አይደለም» አለች በመጨረሻ። «በመርከብ ከመጡባቸው የሰሜን ሰዎች የወሰዱት ነው። ድሮ ቤታቸው ቀዳዳ ብቻ ነበረው ይባላል፤ ጭሱ ይወጣበታል፣ ነፋሱ ይገባበታል።»

ሽማግሌው አልዘበቱም። ጭስ ያጠቆረውን የጓሳ ሣር ክዳን አንጋጠው አዩ፤ ዓይናቸው እንደገና አነባ።

«ለካ እነሱም ጭስ ያስለቀሳቸው ሰዎች ናቸው» አሉ በለሆሳስ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ እማማ የትምወርቅ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹መስኮት ያውጡልኝ› ስል ‹ብርድ ይገባል› እያሉ ኖሩ። ለካ የሚሰሙት እንግሊዝ ሲናገር ነው!»

«ተይኝ እስቲ አንቺ ሴትዮ። ድጅኖው ወዴት ነው?»

ድጅኖውን አመተሥላሴ አቀበለቻቸው። መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያየውን ግድግዳ አልፈው ከማዶኛው ግድግዳ ፊት ቆሙ።

«ኧረ መሪጌታ! ነፋሱ የሚመታን በዚያ በኩል አይደለም እንዴ?»

«የልጅቱም መንገድ በዚያው በኩል ነው» አሉ ዘወር ሳይሉ። «ስትሄድም ስትመለስም እንዳላያት ነው?»

ድጅኖው ጭቃውን ፈልፍሎ ገባ። አመተሥላሴ ከጎናቸው ሆና አብራ ገፋች። ድንጋዩ ተነቃንቆ ወደ ውጭ ወደቀ፤ ብርዱ ዘው ሲል ጭሱ ተገፍቶ ወደ ጥጉ ሸሸ። በተከፈተው ቀዳዳ ውስጥ፣ በገብሱ ማሳዎች መካከል፣ ወደ ሞላሌ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ቁልጭ ብሎ ታየ።