ጋቢናው ላይ የቀረው ቅባት

«በምላስህም ቢሆን ታጸዳዋለህ!»

እንዲህ ያለው ለጠላቱ አይደለም...

ለወለደው አባቱ ነው።

ነገ ሠርጉ ነው። አዲሷ መኪና ታጥባ፣ በሮቿ ተከፍተው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ውስጧ ክሬም ቀለም ነው፤ እንኳን ሰው ዝንብም ያረፈበት አይመስልም።

ታዲያ ጋቢናው ላይ፣ ጭንቅላት የሚደገፍበት ጋ፣ መዳፍ የሚያክል የቅባት እድፍ ተገኘ።

«ትናንት ፍሬኑን ልይልህ ብለህ ገባህ... ያደረግከውን አየኸው? አንተ የነካኸው ነገር መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል!»

አባትየው መካኒክ ናቸው። አርባ ዓመት የሰው መኪና ሥር ተጋድመው ነው ይሄን ልጅ ያስተማሩት። ፍሬን ሲነኩ ወደር ስለሌላቸው ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል።

ጎንበስ ብለው እድፉን አዩት። በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

የመካኒክ ግሪስ ጥቁር ነው... ይሄ ቢጫ ነው። ሽታውም ሽቶ ሽቶ ይላል።

የፀጉር ቅባት ነው!

እሳቸው ደግሞ መላጣ ናቸው። ማበጠሪያ ከነኩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። መላጣ ምኑን ሊቀባ ነው እንግዲህ? ልጁ ቀና ብሎ የአባቱን ጭንቅላት ቢያይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ማን አይቷቸው!

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የኔ አይ...»

«አትከራከረኝ! ነገ ጋቢና መቀመጥ ትፈልጋለህ አይደል? አጽዳው!»



ጋቢናው ቃል የተገባላቸው ነው። «ሙሽሮቹ ከኋላ፣ አባዬ ከፊት» ብሏቸው ነበር። ለዚያች ወንበር ሲሉ ሳምንት ሙሉ እጃቸውን በሎሚና በስኳር ሲፈትጉ ከረሙ። ጥፍራቸው ሥር የገባውን ጥቁር በመርፌ ሲያወጡ ያየ ጎረቤት «ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ቀልዶባቸዋል። እሳቸውም ስቀው «ከሙሽራው አልተናነስኩም» ብለውት ነበር።

ሥራ ጀመሩ...

መጀመሪያ ቅባቱን እንዲመጠው የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። ጠበቁና አራገፉት። ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨመሩ። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዳር ወደ መሀል፣ ቀስ እያሉ... ከመሀል ወደ ዳር ከተፈተገ እድፉ ይሰፋል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አደረጉት።

ይሄ ሁሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው ነው።

በዚህ መሀል የሙሽሪት አባት ከተፍ አሉ። ባለሀብት ናቸው፤ ሱፍ ለብሰዋል። ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተለጥጦ ያብረቀርቃል።

ጋሽ ፍሬንን አቅፈው ሳሟቸው።

ያው ሽታ!

ጋሽ ፍሬን ወዲያው ገባቸው። ግን ምላሳቸውም ፍሬን አለው። «በሠርጉ ዋዜማ ልጄን አማቱ ፊት አላሳፍርም» ብለው በልባቸው ተመልሰው ተንበረከኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እንግዳው።

«አባቴ ነው ጋሼ፣ በግሪስ አበላሽቶብኝ...»

ሰውየው ጠጋ ብለው አዩና ከት ብለው ሳቁ።

«ኧረ ይሄማ የኔ ጭንቅላት ነው! ትናንት ቤት ስታደርሰኝ ተደግፌ እንቅልፍ ወስዶኝ አልነበር? ውይ፣ ይቅርታ ልጄ!»

አሁን አባቱ እግር ላይ ይወድቃል ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? እኔም ጠብቄ ነበር...

«ኧረ ምን ችግር አለው ጋሼ! እንኳን ወንበሩ መኪናዋም የእርስዎ ናት!»

ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ።

«በል ቶሎ በል፣ ጋሼ ሊቀመጡ ነው።»

 ጋሽ ፍሬን ግን ሥራቸውን አልተዉም።

«ከላይ ለቋል» አሉ። «ስፖንጁ ግን ቅባት ጠጥቷል፤ ቆይቶ ተመልሶ ይወጣል። ነገ ጠዋት አንዴ ልድገመው።»

ልጁ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

«ነገ አትልፋ። ጋቢና የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው... ቪዲዮም አለ። አንተ በታክሲ ና።»

በታክሲ ሄዱ።

የሠርጉ አዳራሽ በር አጠገብ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። ያን ሳምንት ሙሉ የተፈተገ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዋሉ። የጨበጣቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ስልክ የለም፣ ሰላምታ የለም።

አንድ ቀን መኪና ሥር እንዳሉ ስልካቸው ጠራ። የልጃቸው ቁጥር ነው! እጃቸውን እንኳ ሳይጠርጉ አነሱት።

«ልጄ! እንዴት...»

«አባዬ፣ ያ እድፍ ተመልሶ ወጣ። ቅዳሜ መጥተህ አጽዳልኝ።»

እንዴት ከረምክ የለ... በሕይወት አለህ ወይ የለ...

ጋሽ ፍሬን ከመኪናው ሥር ወጡ።

«ባለ ቅባቱን ጥራቸዋ። አማትህን።»

ልጁ ደነገጠ።

«ጋሼን?! አባዬ ምን ነካህ? ትልቅ ሰው ተንበርክከው ወንበር ያጽዱልኝ ልበል? ነውር አይደለም እንዴ!»



«ለካ ነውር ታውቃለህ» አሉ ጋሽ ፍሬን። «እኔ እኮ ሳላስተምርህ የቀረሁ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ነበር።»

ስልኩን ዘጉት።

ወገን፣ ደሜ እየፈላ ነው የጻፍኩት። ይሄ ልጅ ሰው ማክበር ሳያውቅ ቀርቶ ቢሆን «ይማራል» እንል ነበር። ያውቃል! ለባዕድ አንቱታውም ፈገግታውም አለው፤ ለአባቱ ሲሆን ግን አለቀበት።

ትምህርቱ አጭር ነው፦ ለባለሀብት «ምን ችግር አለው» ያልነውን ጥፋት ለወላጆቻችንም «ምን ችግር አለው» እንበላቸው። እሱን ካልቻልን አክባሪ ነን ብለን አናውራ።

እስቲ እናንተ ጋሽ ፍሬንን ብትሆኑ፣ ቅዳሜ ብሩሹን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር ወይስ ትቀሩ ነበር?

«አልሄድም» ለማለት አትቸኩሉ... ልጅ ነው እኮ። እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ 👇