ዶራሌ በር ላይ የተሰማው ፒያኖ

ጫላቸው ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ ወደብ በር ላይ የጭነት መኪናውን አሰልፎ ተራ ሲጠብቅ፣ ልጁ ማርያማዊት ከአዲስ አበባ የላከችለትን ሙዚቃ በስልኩ ከፈተ። እሷ ፒያኖ፣ ጓደኞቿ ባስና ከበሮ የተጫወቱት ጃዝ ነበር። «ይሄ እንጀራ አይሆንሽም» ብሏት ከተኮራረፉ ወዲህ ደውሎላት አያውቅም።

መጀመሪያ ግር አለው። ፒያኖው ከባሱ ጋር ድብብቆሽ ሲጀምር ግን ጣቶቹ ሳይታወቀው መሪውን ይመቱ ጀመር፤ ሰልፉ መንቀሳቀሱንም ልብ አላለም። ከኋላው ያለው ሶማሌ ሾፌር ክላክስ ማድረግ ሲሰለቸው እየተቆጣ ወርዶ መጣ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሙዚቃው ያዘውና፣ ክንዱን በሩ ላይ አስደግፎ እስኪያልቅ አዳመጠ።

«ማነው የሚጫወተው?» አለ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ።

«ልጄ ናት!» አለ ጫላቸው ደረቱን ነፍቶ።

«ታዲያ ድገመዋ!»

ጫላቸው ግን መጀመሪያ ደወለላት።

«ማርያሜ» አለ እየሳቀ፣ ከኋላው የሰልፉ የክላክስ ጩኸት ሲቀልጥ፣ «ጅቡቲ ላይ መንገድ ዘጋሽ እኮ!»