ከግራ የሚጀምረው ፋሻ

ግጥሚያው ከሚካሄድበት ከቡኮም ሜዳ የከበሮው ድምፅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። አሰልጣኝ ላርያ የከባድ ሚዛኑን ቦክሰኛ የኦቦዳይን ግራ እጅ በፋሻ ጠቅልሎ ጨረሰ፤ ሁሌም ከግራ ነበር የሚጀምረው። ኦቦዳይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሁለቴ ተዘርሮ በሰው ሸክም ከወጣ ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ግጥሚያው ነበር።

«ያ ጉረኛ ዛሬ ጥርሱን ለቅሞ ነው የሚሄደው! ድኛለሁ ስልዎት፣ ኮች» አለ ኦቦዳይ እየሳቀ።

«እሰይ፣ የኔ አንበሳ! በል ቀኝህን አምጣ።»

ኦቦዳይ የተጠቀለለውን ግራ እጁን ዘረጋ።

«ቀኝህን አልኩህ እኮ።»

«ይኸው ዘረጋሁልዎት! ምን ይጠብቃሉ?» ያው ግራ እጁ ነበር።

ላርያ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ግጥሚያ ሲያልቅ ብቻ የሚያነሳውን መቀስ አነሳና ፋሻውን ከአንጓው ጀምሮ ይቆርጠው ገባ። ኦቦዳይ መሬት የሚወድቀውን ጨርቅ ለአፍታ አየ፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

«አሸነፍን እንዴ?»